ኩላሊትና የአምቦ መንገድ

ባለቅኔው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በነሐሴ 1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል መንደር ተወለደ። ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ ያናገረ፣ ገና በ29 ዓመቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። የመጨረሻዎቹን ስምንት ዓመታት ግን ከቦዳም ከአዲስ አበባም ርቆ ኒውዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1998 ወደዚያ የወሰደው ቲያትር አልነበረም፤ ኩላሊቱ ነው። ደሙን በቋሚነት እያጠበ በሕይወት የሚያቆየው ማሽን እዚያ ነበረ፣ እዚህ አልነበረም። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. እዚያው አረፈና አስከሬኑ ተመልሶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

እርሱ ከሄደ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የግሉ ቅዱስ ገብርኤል ሆስፒታል ኩላሊታቸው ሥራ ላቆመባቸው ሰዎች ቋሚ እጥበት መስጠት ጀመረ። በዚያ ሆስፒታል የታጠቡ 91 ታካሚዎችን ታሪክ የተከተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ከአንድ ዓመት በላይ የኖሩት ከግማሽ በታች ነበሩ። ማሽኑ ከማንሃተን አዲስ አበባ መጣ እንጂ ታካሚው ገና ማሽኑ ዘንድ በወጉ አልደረሰም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ዘውዲቱና ዳግማዊ ምኒልክን የመሳሰሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች እጥበት ይሰጣሉ፤ በክልል ከተሞችም ተጀምሯል። ቢሆንም የቦዳ ልጅ ያኔ የገጠመው ጥያቄ ቦዳ ካለችበት ከደንዲ ወረዳ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለሚታጠብ ሰው ዛሬም አልተፈታም። ማንሃተን ቀርቶ አዲስ አበባ ሆነ እንጂ ጥያቄው ያው የርቀት ጥያቄ ነው።

ሒሳቡን ማስላት ይቻላል። ደረጃውን የጠበቀ እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አራት ሰዓት ነው፤ በዓመት 156 ጊዜ ይሆናል። ከደንዲዋ ከተማ ከጊንጪ አዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 160። በ156 ቢባዛ 25,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። ከአምቦ የሚነሳው ደግሞ በአንድ ጉዞ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ ዓመቱን ከ34,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይጨርሳል። መሬትን በወገቧ ለመዞር የሚያስፈልገው 40,000 ገደማ ነው። አዲስ አበባ እየሄደ የሚታጠብ የአምቦ ሰው ሆለታንና አዲስ ዓለምን እየተሻገረ በየዓመቱ ዓለምን ሊዞር ጥቂት ይቀረዋል። ገንዘቡንም መንገዱንም ስለማይችል በሳምንት ሁለቴ የሚታጠበው ብዙ ነው፤ ስሌቱ ያኔ በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፣ ደሙ ውስጥ የሚቀረው መርዝ ግን ይጨምራል።

ይህን መንገድ በአካል የሚሄደው ሰው ምን እንደሚያልፍ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እጥበት ክፍሉ እንደገባ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ይወጣል። ካለፈው እጥበት ወዲህ የጨመረው ሁለት ሦስት ኪሎ ሥጋ አይደለም፤ ሽንት ሆኖ መውጣት ያቃተው ውኃ ነው። ሲስተሯ ቁጥሩን ‘ደረቅ ክብደት’ ከሚሉት ጋር አስተያይታ ማሽኑ ስንት ሊትር እንዲያወጣ ታዘዋለች። ክንዱ ላይ ደም ቅዳና ደም መልሱ በቀዶ ሕክምና የተገናኙበት ቦታ አለ፤ ፊስቱላ ይባላል። ጣት ሲያሳርፉበት ንብ እንደገባበት ቀፎ ይርገበገባል። የለመደ ታካሚ ጠዋት ሲነቃ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ይህን መርገብገብ ይዳስሳል፤ ከጠፋ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው።

በዚያ ክንድ ሁለት ወፍራም መርፌ ይገባል። በአንዱ የወጣው ደም ማጣሪያው ውስጥ አልፎ በሌላው ይመለሳል። በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚፈስ በአራት ሰዓት 72 ሊትር ደም ያልፋል። ሰውነት ውስጥ ያለው አምስት ሊትር ገደማ ስለሆነ ያው ደም ከ14 ጊዜ በላይ ተመላልሷል ማለት ነው። ወደ መጨረሻው እግር ይሸመቅቃል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ አንዳንዱ ያስታውካል። መርፌው ከወጣ በኋላ ቀዳዳውን በጥጥ ተጭኖ መቆየት አለ። ከዚያ ሚኒባስ። ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት ሲታጨቅ ያንን ክንድ ከጎረቤት ክርንና ከዘንቢል መጠበቅ፣ ዕቃ አለመያዝ፣ አለመጫን። ቤት ደርሶ የሚተኛ ሰው በማግስቱ ለእርሻ ወይም ለሱቅ አይሆንም፤ ከማግስቱ ማግስት ደግሞ ተመልሶ መንገድ ነው። ይህን እያወቀ “ለምን አልሠራህም?” የሚል ቀጣሪ ባይኖር ደግ ነበር።

ደንዲ ራሱ ውኃ የሚከፈልበት አገር ነው። አዋሽ የሚነሳው ከዚሁ ወረዳ፣ ከጊንጪ አቅራቢያ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ጨው ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከደንዲ ሐይቅ በኩል የሚወርደው ሁሉቃ ደግሞ ወደ ምዕራብ፣ በአምቦ በኩል ወደ ጉደር ይሄዳል፤ ጉደርም ወደ ዓባይ። የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ ካሌ የሚለው ኩላሊትም እንዲሁ ውኃ የሚከፍል ተራራ ነው። ሁለቱ ጤነኛ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው የሚበዛውን መልሰው ለሰውነት ይሰጣሉ፣ አንድ ሁለት ሊትሩን በሽንት ያስወግዳሉ። ማሽኑ ይህን ሥራ ሌት ተቀን አይሠራም። በሳምንት 168 ሰዓት ውስጥ የሚሠራው 12 ሰዓት ብቻ ነው።

አምቦ ደግሞ በውኃ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። የጠርሙሱን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ለእጥበት ግን ያ ውኃ ፈጽሞ አይሆንም፤ ምክንያቱም የታወቀበት ማዕድኑ ራሱ ነው። ለአንድ ጊዜ እጥበት ወደ 120 ሊትር ፈሳሽ ማጣሪያው ውስጥ ያልፋል፤ በእርሱና በታካሚው ደም መካከል ያለው ስስ ገለፈት ብቻ ነው። ካልሲየም የበዛበት ውኃ ደም ግፊት ያንራል፣ ያስታውካል፤ ክሎሪን ያልተወገደለት ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ አልሙኒየም ያለበት አጥንትና አንጎል ይጎዳል። ስለዚህ ከቧንቧ የመጣው ውኃ በከሰልና በጨው ማለስለሻ አልፎ በከፍተኛ ግፊት መጣራት አለበት። በዚያ መሀል የሚጣለው ውኃ ሲታከል ከቧንቧ የሚፈለገው ከ120 ሊትር እጅግ ይበልጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ዝርዝር ነገር አይደለም።

ካሩዋሩ የምትባል የብራዚል ከተማ ይህን በከባድ ዋጋ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ላይ አንድ የእጥበት ማዕከል በቂ ማጣራት ያልተደረገበትን የግድብ ውኃ በቦቴ አስመጥቶ ይጠቀም ነበር። ውኃው ውስጥ የበቀሉ ጥቃቅን ሕዋሳት የለቀቁት መርዝ ቀጥታ ወደ ታካሚዎቹ ደም ገባና ከ50 በላይ ሰው በጉበት ጉዳት ሞተ። ማሽኖቹ አልተበላሹም ነበር፤ የተበላሸው ውኃው ነው።

ይህ ሁሉ የሚያመራው ወደ አንድ ነጥብ ነው። አምቦም ይሁን ሌላ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ስለ እጥበት ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ “ማሽን አለ ወይ?” ይሆናል። ባለሥልጣንም የሚመልሰው በማሽን ቁጥር ነው፤ ሪባን የሚቆረጠውም ለማሽን ነው። መጠየቅ ያለበት ግን “የፊታችን ሐሙስ ይሠራል ወይ?” የሚለው ነው። በአሜሪካ ከ32,000 በላይ ታካሚዎችን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ሞት የሚበረታው ያለ እጥበት ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ ባለው ቀን መሆኑን አሳይቷል። እዚያ ሁለት ቀን የሚያልፈው በፕሮግራም ነው። እዚህ ደግሞ ማጣሪያ አልቆ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶ ሦስትና አራት ቀን ሊያልፍ ይችላል።

ማሽኑ ራሱ አንዴ ተገዝቶ ለዓመታት ያገለግላል። ወገብ የሚሰብረው በየእጥበቱ የሚያልቀው ነው፤ ማጣሪያው፣ የደም ቱቦው፣ መርፌው፣ ሁለቱ ዓይነት ፈሳሾች፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን። ሁሉም በአብዛኛው ከውጭ በዶላር የሚመጡ ናቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። የእጥበት ታካሚ ይህን ዜና እንደ ነጋዴ አይሰማውም። ነጋዴው ዋጋ ይጨምራል፤ ታካሚው የሚጨምርበት ነገር የለውም፣ ከሦስቱ ቀን አንዱን ይቀንሳል እንጂ። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ መቀሌ ዓይደር ሆስፒታል ላይ የሆነውም ይኸው በከፋ መልኩ ነበር። ማሽኖቹ ነበሩ፣ ሐኪሞቹም ነበሩ፣ ማጣሪያና ፈሳሹ ግን መግባት አልቻለም፤ ታካሚዎች ዓይን እያየ ሞቱ።

ገንዘቡን ማን ይክፈል? በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በድምፅ ማጉያ የሚለምኑት መኪኖች የዚህ ጥያቄ መልስ ሆነው ከርመዋል። በመኪናው ጎን የወጣቱ ፎቶ ተለጥፏል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጽፏል፣ ለኩላሊት ሕክምና ርዱን የሚል ድምፅ ይደጋገማል። የሕዝቡን ደግነት ማቃለል አይገባም። ያም ሆኖ የድምፅ ማጉያው ሳይታወቅ ዳኛ ሆኗል፤ ከተማ ውስጥ ዘመድና ጓደኛ ያለው፣ መኪና የሚያቆምለት፣ ፎቶው አንጀት የሚበላ ወጣት ይሰማል። ደንዲ ውስጥ ገብስና ድንች የሚያመርት የሃምሳ ዓመት አባወራ ማን ፎቶውን ይለጥፍለታል?

አሜሪካኖችም በዚህ አልፈዋል። ሆላንዳዊው ዊለም ኮልፍ እ.ኤ.አ. በ1943፣ በጦርነት መሀል፣ የቋሊማ መጠቅለያ በሚሆን ሴሎፎን የእጥበት ማሽን ሠራ። የሲያትሉ ቤልዲንግ ስክሪብነር እ.ኤ.አ. በ1960 ክንድ ላይ የሚቀር ቱቦ ሲፈጥር ደግሞ ሰውን ደጋግሞ ማጠብ ተቻለ። ችግሩ ያኔ ጀመረ፤ ታካሚው ብዙ፣ ወንበሩ ጥቂት። ሲያትል ላይ ስማቸው የማይገለጥ ሰባት ሰዎች፣ ቄስ፣ ጠበቃ፣ የባንክ ሰውና የቤት እመቤት ጭምር ያሉበት ኮሚቴ፣ ማን እንደሚታጠብ ይመርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ነገሩ በመጽሔት ሲወጣ አገር ተንጫጫ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የኩላሊት እጥበት ወጪ በመንግሥት መድን እንዲሸፈን ሕግ ወጣ። ያ ኮሚቴ የጭካኔ ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ይኖራል። ይሁንና ቢያንስ ምርጫ እንዳለ አምኖ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ መስፈርት አውጥቶ ይመርጥ ነበር። የእኛው ምርጫ በየመንገዱና በየኪሱ ነው የሚካሄደው።

በኢትዮጵያ የጤና መድኑ ሲዘረጋ ሥር ለሰደደ ሕመም የሚደረግ እጥበት ከጥቅሉ ውጭ ተደርጎ ነበር። ምክንያቱን መረዳት አይከብድም፤ የአንድ ታካሚ የዓመት ወጪ የስንት አባወራ መዋጮ ይበላል። ሁሉን ነገር ለሁሉም ሰው ነገ ጠዋት ይሸፈን ማለት ቀላል ነው፤ የሚፈርምበት ሰው ግን ሐሰት ይፈርማል። ደረጃ በደረጃ መሄድ ይቻላል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 እጥበትን በብሔራዊ መድኗ ስታስገባ ከማሽን ይልቅ በሆድ በኩል፣ ታካሚው ቤቱ ሆኖ ራሱ የሚያደርገውን እጥበት አስቀደመች። እዚህም ቅደም ተከተሉን በግልጽ መጻፍ ይቻላል።

ከሁሉ መቅደም ያለበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ኩላሊት ሁልጊዜ ለዘለቄታው አይሞትም። በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ ከባድ ወባ ወይም የደም መመረዝ የያዘው ሰው፣ በተቅማጥ የደረቀ ወጣት ኩላሊቱ በድንገት ሊቆም ይችላል። የተወሰነ ቀን ቢታጠብ ብዙ ጊዜ ኩላሊቱ ይነቃል፤ ሰውየው ቤቱ ይገባል፣ ሁለተኛ ማሽን አያይም። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የ110 ኪሎ ሜትር መንገድ የድካም ጉዳይ አይደለም፤ ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ሲያሻቅብ ልቡ ሆለታ ሳይደርስ ሊቆም ይችላል። ዓለም አቀፉ የኩላሊት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጀው ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ2025 በዚህ ምክንያት ያለ ሕክምና የሚሞት ሰው እንዳይኖር የሚል ነበር። ዓመቱ አልፏል። አምቦ ላይ ለሚቀመጥ ለማንኛውም የእጥበት ወንበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ አምስት ወንበር ካለ አንዱ ምንጊዜም ለድንገተኛ ተይዞ ይደር፣ ለዚህ ዓይነቱ ሕመምተኛም ክፍያ አይጠየቅ።

ሥር የሰደደው ሕመም ደግሞ የሚጀምረው እጥበት ክፍል ውስጥ አይደለም። ዋናዎቹ ምክንያቶች የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ናቸው፤ ሁለቱም ለዓመታት ሳያሳምሙ ይሠራሉ። ግፊት መለኪያና ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን በቀለም የሚያሳይ ወረቀት ጊንጪም ቦዳም መድረስ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልትጠቀምባቸው ትችላለች። ወረቀቱ ሽንት ውስጥ ይነከራል፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፣ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ከሄደ ሰውየው ሐኪም ይይ። በየመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ዲክሎፌናክም አለ። ወገቤን፣ ጉልበቴን እያለ ለወራት የሚውጠው ሰው ኩላሊቱን እየጎዳ መሆኑን ሻጩ ቢነግረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለዚህ ዶላር አያስፈልግም።

እጥበት የጀመረ ሰው ማዕድም ይለወጣል፤ በደጋው ገበታ ላይ ቀላል አይደለም። ድንች ፖታሲየም የበዛበት ስለሆነ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ውኃው ተደፍቶ ዳግመኛ መቀቀል አለበት። ጨው ይቀነሳል። ውኃ በሲኒ ይለካል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሚባልበት ቤት አቦል ላይ “በቃኝ” ማለት እንደ ኩርፊያ ስለሚቆጠር ታካሚው ወይ ያስቀይማል ወይ ይጠጣል። ሚስትና ልጆች ይህን ከሲስተር አፍ እንዲሰሙ የሚያደርግ ግማሽ ሰዓት በየእጥበት ማዕከሉ ቢመደብ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

ንቅለ ተከላ ከእጥበት የሚገላግል መንገድ ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተጀምሯል፤ ሲጀመር ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ነበር። ለአገሪቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ወንድሙ ኩላሊት ሊሰጠው የፈቀደ የደንዲ ሰው ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ሊቆይ የሚችለው እየታጠበ ነው፤ ኩላሊቱ ለቆመ ሰው ያለ እጥበት የንቅለ ተከላ ወረፋ የለም። መንገዱ ተመልሶ ወደ ሐሙሱ ጥያቄ ያመጣል።

እንግዲህ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ የእጥበት ማዕከል በጀት ሲያዝ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበት ቁጥር የማሽን አይደለም። አሥር ታካሚ በሳምንት ሦስቴ ቢታጠብ በዓመት 1,560 እጥበት ነው። 1,560 ማጣሪያ፣ 1,560 የደም ቱቦ፣ 3,120 የፊስቱላ መርፌ፣ 187,200 ሊትር የተጣራ ውኃ፤ እርሱን ለማግኘት ደግሞ ከቧንቧ ከዚያ የሚበልጥ። መጠባበቂያ ጄኔሬተርና ነዳጁ። ውኃውን በየጊዜው የሚመረምር ሰው፣ ከነደመወዙ። ማሽኑ ሲቆም ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቴክኒሻን ስልክ። ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከጌዶ ለሚመጣው የትራንስፖርት አበል። ይህ ዝርዝር በምረቃው ዕለት ከንግግሩ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ በመጀመሪያው ረድፍ የተቀመጡት ታካሚዎች ማሽኑን ሳይሆን እርሱን ነው የሚያዳምጡት።